በበጋ የረጠበ ግድግዳ

እታለም የሚለው ስም እናትና አባቷ ያወጡላት አይደለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እንዲያ ብሎ ጠራት፤ ሰፈሩ ከሱ ወሰደው፣ መሥሪያ ቤቱ ከሰፈሩ ወሰደው፣ ዛሬ በዕድሜ የሚበልጧት የአውቶቡስ ሾፌሮች ሳይቀሩ እታለም ነው የሚሏት። የምትሠራው መናኸሪያው ስምሪት ክፍል ውስጥ ነው። ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጣ፣ የመገናኛ ሬዲዮዋን አፏ ሥር ይዛ፣ የትኛው አውቶቡስ ከየት እንደተነሳና የት ላይ ተገትሮ እንደቀረ ስትከታተል ትውላለች። አንድ ነገር ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ማደር አይሆንላትም፤ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዛታል።

ግድግዳው ላይ ያለውን እድፍ ያየችው ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ነው። የሥራ ልብሷ ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ ቢያስቸግራት ቁም ሣጥኑን ከማዕዘኑ ጎትታ አወጣችው። ከኋላው ያለው ቀለም እሳት እንደነካው ቆዳ አረፋ አውጥቶ ተልጧል። ከኮርኒሱ ሥር ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ ቡናማ እድፍ ወርዷል። ጣቷን ብታሳርፍበት ልስኑ ፍርፍር እያለ እግሯ ሥር ወደቀ።

ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሕንፃ ሥራ ፎርማንነት የጨረሱ ሰው ስለሆኑ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ጋሼ ፎርማን እያለ ነው የሚጠራቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት የሚኖሩት አባትና ልጅ ብቻ ናቸው። እታለም ጠርታ አሳየቻቸው። ጋሼ ፎርማን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እድፉን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱና፣ ልጆቹን ከዚህ ክፍል አውጫቸው ብለው ወደ ሳሎን ተመለሱ። ቤቱ ውስጥ ልጅ የሚባል የለም። እታለም አባባ ቀልደው ይሆናል ብላ አለፈችው።

ከዚያ ምክር ጎረፈ። ቧንቧ ሠራተኛው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ቆየና ነገሩ ከመሬት ሥር ካለው ቧንቧ ነው አለ። አጥር የሚጋሯት ጎረቤት፣ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ የለም፣ መሠረቱ ውሃ ስቦ ነው አሉ። በሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ደግሞ ግድግዳውን በዓይኑ ሳያይ፣ መስኮት ስለማትከፍቺ ነው ብሎ በስልክ ፈረደባት። እሷም የሁሉንም ሰማች። መስኮቱን ከፍታ አደረች፣ የቤቱን ሥር አስቆፈረች፣ የቧንቧውን መጋጠሚያ አስጠበቀች። እድፉ ግን ማንንም ሳይሰማ በራሱ መንገድ ይወርዳል።

በመጨረሻ ጣሪያው ላይ ወጣች። ጣሪያው ቆርቆሮ አይደለም፤ ከጓሮ በኩል በደረጃ የሚወጣበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ዝርግ የኮንክሪት ሶሌታ ነው። ዙሪያውን ጉልበት በሚደርስ አጭር ግንብ ታጥሯል፤ ግንበኞች ፓራፔት ይሉታል። ከሷ ክፍል አናት ላይ ሲደርስ የግንቡ ራስ ለሁለት ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ውስጡ ሣር በቅሎ፣ በቅሎም አልቀረ፣ አብቦ ጠበቃት።

ግንበኛው ቱንቢ ተጠራ። ቁመቱ ዘለግ፣ ሰውነቱ ቅጥን ያለ ስለሆነ፣ ግድግዳ መቅናቱን ለማየት በገመድ በምትንጠለጠለው ብረት ሰይመውታል። ሥራ የለመደው በጋሼ ፎርማን ሥር ስለነበር ዛሬም ፊታቸው ላይ ኮፍያውን ያወልቃል። ዝናቡ በስንጥቁ እየገባ በግንቡ ሆድ ውስጥ እንደሚወርድና መውጫ ሲያጣ በሷ ክፍል ብቅ እንደሚል አስረዳት። የላላውን ልስን በመሮ አራገፈ፣ ስንጥቁን ሞላ፣ የግንቡን ራስ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ባለ አዲስ ክዳን ሸፈነ።

እነዚያ ቀናት ለጋሼ ፎርማን የተለዩ ነበሩ። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አሸዋው በደንብ አልተነፋም ይላሉ፣ ሲሚንቶው ቀጠነ ይላሉ፣ ቱንቢን የሠላሳ ዓመት ቀልድ እያነሱ ያስቁታል። እታለም አባቷ እንዲህ ሲፍነከነኩ ካየች ቆይታለች። አዲስ ልስን በአንዴ ከደረቀ ስለሚሰነጣጠቅ ቱንቢ ጠዋትና ማታ እየመጣ ውሃ ሲያጠጣው ሰነበተ። ከዚያ በቃው አለና ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ልስኑ እስኪጠነክር ጣሪያው ላይ ልብስ እንዳትሰጪ፣ ግድግዳውም በአንድ ጀንበር አይደርቅምና ታገሺው ብሎ መክሯት ነበር።

ዝናቡ ቆመ። ሰማዩ ጠርቶ ደመና የሚባል ጠፋ። እድፉም በመጀመሪያ ዳር ዳሩ እየነጣ፣ ሲነኩት እየሻከረ መጣ። እታለም ቀለም መምረጥ ጀመረች። አንድ ጠዋት ግን የሥራ ልብሷን ስታወርድ የግድግዳው መሐል ጠቆር ብሎ ታያት። የመስኮቱ ብርሃን ነው ብላ ሄደች። በማግሥቱ ጥቁረቱ ወረድ ብሏል። ሳምንቱ ሳይሞላ ከድሮው እድፍ አልፎ ወለሉ ጠርዝ ላይ ደረሰ።

እታለም ግራ ገባት። ዝናብ ሲዘንብ የሚረጥብ ግድግዳ ይገባታል፤ አቧራ በሚጨስበት በጋ የሚረጥብ ግድግዳ ግን ከየትኛው መስመር እንደመጣ የማይታወቅ አውቶቡስ ሆነባት። ከሥራ ስትመለስ ቱንቢን አስጠራችው። ጣሪያው ላይ ወጣ፣ ግንቡን በመዶሻው እጀታ እየመታ አዳመጠ፣ እጁን አሳለፈበት። ድርቅ ያለ ነው፣ ድምፁም ደህና ነው። ከዚያ ወርዶ ክፍሏን አየ። ኮፍያውን እያሻሸ ከቆመ በኋላ፣ እታለም፣ ይሄን እኔ አላውቀውም ብሎ ሳይሸሽግ ነገራት። ቧንቧ ሠራተኛው ተመልሶ መጣ። ዋናውን ውሃ ዘግቶ ቆጣሪው ላይ አፈጠጠ፤ ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። በዚያ ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ቧንቧም የለም። ወንድሟ በስልክ አሁንም መስኮት መስኮት ይላል።

በዚያው ሰሞን የቤቱ ዕቃም መላ ያጣ ጀመር። ማታ ኩሽና ያስቀመጠችው ባልዲ ደረጃው ሥር ይገኛል። ባዶ ጆንያዎች ከተቀመጡበት ይጠፉና ረጥበው አጥር ላይ ተሰጥተው ታገኛቸዋለች። አባቷን ብትጠይቅ፣ አንቺው ያስቀመጥሽው ይሆናል ይሏታል። ሥራ ቦታም የአንዱን አውቶቡስ ተራ ለሌላው መስጠት አመጣች፤ ሾፌሮቹ እንዲህ ስትሳሳት አይተዋት አያውቁም ነበርና፣ እታለም ዛሬ ምን ነካሽ ማለት ጀመሩ።  ምናልባት እውነትም ዕቃውን የማዛውረው እኔ ነኝ እያለች ራሷን ወደ መጠራጠር ገባች።

ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መቆሚያ የለውም፤ ከራሷ ተሻግሮ ጎረቤት ላይ አረፈ። የአዋላጇ ቤት ጣሪያ ከሷው ጣሪያ በክንድ ርቀት ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። ታንከሩ ቢያፈስ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ይህን ካሰበች በኋላ ሌላ ማሰብ አቃታት። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ የአዋላጇን በር አንኳኳች። በትሕትና ልትናገር አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን፣ የእርስዎ ውሃ ቤቴን እያፈረሰው ነው የሚል ሆነ።

አዋላጇ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው የተቀበሉ፣ እታለምን ራሷን ያዋለዱ ሴት ናቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ። ታንከራቸውን እስከ ጭላጩ አስደፉት። ከዚያም ለሚያማቸው ወገባቸው ሳይሳሱ ውሃ በጀሪካን ከመንገድ ዳር ቦኖ ያስቀዱ ጀመር፣ አንዳንዴም ራሳቸው ያንጠለጥላሉ። እታለም ጀሪካን ይዘው ሲያልፉ እያየች ግድግዳው እስኪደርቅ ጠበቀች። ታንከሩ ባዶውን ሰነበተ፤ ግድግዳው ግን እንደረጠበ ነው። ይቅርታ ልትጠይቅ ሁለቴ በራቸው ደርሳ ሁለቴ ተመለሰች። አዋላጇም ሰላምታዋን ሰምተው እንዳልሰማ ማለፍ ጀመሩ።

አንድ ቀን ከባልደረባዋ ጋር ፈረቃ ተቀያይራ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት ተመለሰች። የጓሮውን በር ስትከፍት ከጣሪያው የውሃ መውጫ ቧንቧ ላይ ጠብ ጠብ የሚል ነገር ሰማች። ቀና አለች። ፀሐይዋ ዓይን ታሳውራለች፣ ሰማዩ ላይ ጭስ የምታህል ደመና የለችም፤ ከጣሪያው ግን ውሃ ይወርዳል። ቦርሳዋን መሬት ጥላ ደረጃውን ወጣች።

አባቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆመዋል። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበዋል፣ እግራቸው ባዶ ነው። ግንቡ ራስ ላይ ጆንያዎቹን ደርድረው አልብሰውታል፤ ከባልዲው በጣሳ እየቀዱ፣ እህል የሚያፈሱ ያህል ተጠንቅቀው፣ ጆንያዎቹን ያርሳሉ። ውሃው በግንቡ እየወረደ፣ ግንቡና ሶሌታው በሚገናኙበት ሥር ተጠራቅሞ እንደ ቦይ ተኝቷል።

"አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?"

"ቀስ በይ፣ ጠርዙን እንዳትረግጪው" አሉ ዞር ሳይሉ። "ገና ጥሬ ነው።"

"ምኑ ነው ጥሬው?"

"ልስኑ ነዋ። አንድ ቀን ከተዘነጋ ፀሐይ ሰነጣጥቃ ነው የምትጥለው። ሠራተኞቹን ባዝ ይለግማሉ። እኔው ይሻለኛል።"

"መቼ ነው የተለሰነው?"

 ጣሳውን እንደያዙ ዞረው አዩዋት፤ ያዩዋትም በደስታ ነው። "እናትሽ ልካሽ ነው የመጣሽው?" አሉ። "ምሳው ይቆየኝ በያት። ይህቺን ጨርሼ እወርዳለሁ።"

እታለም እናቷ የሉም ልትል ነበር፣ ልስኑ ከደረቀ ቆይቷል ልትል ነበር፤ ግን "እሺ፣ እነግራታለሁ" ስትል ራሷን ሰማች። ከዚያ የምታደርገው ጠፍቷት ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ የጣሳው ድምፅ ጣሪያውን ዞሮ እስኪጨርስ አልተቋረጠም።

የባሰ ግራ ያጋባት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጋሼ ፎርማን ወርደው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ሳሎን ገብተው መነጽራቸውን አደረጉ። ዛሬ በጊዜ መጣሽ፣ ፈረቃ ቀየርሽ እንዴ አሉ። መንገዱ እየተቆፈረ ስለሆነ አውቶቡሶቹ በየት እየዞሩ እንደሆነ ጠየቋት፣ ከሷ የተሻለ አቋራጭም ነገሯት። ፍጹም ደህና ናቸው። ድፍረት አሰባስባ ስለ ጣሪያው ስታነሳባቸው በግርምት አዩዋት።

"የቱ ጣሪያ? በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ልወጣ?"

አልዋሿትም፤ ፊታቸው ላይ የምታውቀው የውሸት ምልክት አልነበረም። የሱሪያቸው ጫፍ ግን ገና ውሃ ያንጠባጥባል።

ለወንድሟ ደወለች። ወንድሟ አላመናትም። አባባ ትናንት በስልክ ስለ ልጅነቴ አንድ በአንድ ሲያጫውቱኝ ነበር፤ ደክሞሽ ነው፣ ዕረፍት ውሰጂ አላት። ስለ ልጅነትህ እንጂ ስለ ዛሬ አለመሆኑን ልብ በል አለችው። ቅዳሜ ልምጣና በዓይኔ ልየው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ቅዳሜ መጣ። ቱንቢም ተጠርቶ ነበር። ሦስቱ ጣሪያው ላይ ወጥተው እታለም ያየችውን ነገረቻቸው። ቱንቢ ተንበርክኮ የግንቡንና የሶሌታውን መገናኛ በጥፍሩ ፋቀና ነገሩ ተገለጸለት። እሱ የጠገነው የግንቡን ራስ ነው። ሥሩ ላይ ያለው መገጣጠሚያ አርጅቶ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አብጅቷል። ዝናብ ሲሆን ውሃው በፍጥነት ወደ መውጫው ስለሚሮጥ አይጎዳም ነበር፤ በየጠዋቱ ጆንያ እየተነከረ ሲጠራቀምበት ግን ቀስ እያለ ይጠጣል። ፀሐይዋ ላይ ላዩን ከሰዓት ታደርቀዋለች። ሥራውን ከጨረስኩ ወዲህ የመጣሁት ማታ ነው፤ እንዴት አየዋለሁ አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ይህን እያወሩ ሳለ ጋሼ ፎርማን በዝግታ ደረጃውን ወጡ። ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ሜትራቸውን ኪሳቸው ከትተዋል። በአንድ አፍታ ሁኔታውን ገምግመው የፎርማን ድምፃቸውን አወጡ። ውሃው የሚገባበት ምክንያት ሌላ አይደለም፤ እዚህ ማዕዘን ላይ እኔ ራሴ የተውኩትን የውሃ መውጫ ደፍናችሁብኝ ነው አሉ። የግንቡን አንድ ቦታ በሜትር ለክተው በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ከሶሌታው ስንት ጣት ከፍ እንደሚል፣ በምን ዓይነት ቧንቧ እንደተሠራ፣ ቧንቧውን ማን ቆርጦ እንዳመጣ ሳይቀር ተናገሩ።

ወንድምየው ፊቱ በራ። "ይኸው" አላት ለእታለም፣ "ከኔና ካንቺ የተሻለ ያስታውሳሉ።"

እታለምም ለአፍታ አመነች። ምናልባት የሚያጠጡትም ለዚህ ይሆን፣ መውጫውን እየፈለጉ ይሆን ብላ ልቧ ተስፋ አደረገ። ቱንቢ ብቻ ነበር ያመነታው። ሆኖም ሥራ ያስተማሩት ሰው ምልክት አድርገው እየጠበቁት ነው። መሮውን አነሳ። አዲሱን ልስን አራገፈው፣ ብሎኬቱ ታየ። ብሎኬቱን ሰበረ፣ ከኋላው ብሎኬት አለ። ትንሽ ወደ ቀኝ አሉት፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ታች አሉት፣ ወደ ታች ወረደ። ግንቡ ላይ ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ቧንቧ ግን የለም።

"ጋሼ ፎርማን፣ እዚህ የለም" አለ ቱንቢ ቀና ሳይል።

ጋሼ ፎርማን ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ቀዳዳው ውስጥ ከተው ዳሰሱ። ቀና ብለው ጣሪያውን ቃኙ፤ የልብስ ገመዱን፣ የአዋላጇን ታንከር፣ በወዲያኛው ጥግ ፊት ለፊት የሚታየውንና ውሃው ሁልጊዜ የሚወጣበትን ትክክለኛ መውጫ። ከዚያ ልጆቻቸውን ተራ በተራ አዩ።

"ይሄ የማን ቤት ነው?" አሉ።

 ጥያቄው ቀልድ እንዳልሆነ ሦስቱም ገብቷቸዋል። ቱንቢ ነው መሮውን አስቀምጦ ክንዳቸውን የያዘ። የእርስዎ ነው ጋሼ ፎርማን፣ በእጅዎ የሠሩት፤ ያ መውጫ ድሮ የሠራነው የትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ነው፣ አብረን ነው የተውነው፣ ቧንቧውን የቆረጥኩት እኔ ነበርኩ አላቸው። እሳቸው በጥሞና አዳመጡ። "እንግዲያው ሰው ቤት አበላሽተናል" አሉና ሜትራቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ከሰዓት በኋላ ወንድምና እህት ሳሎን ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው ተጨቃጨቁ። እሱ ደረጃው ላይ የብረት በር ይገጠም አለ። እሷ ደግሞ በገዛ ቤታቸው እስረኛ ልናደርጋቸው ነው ወይ አለች። ቢወድቁስ አላት።  እሱም በሩ ይገጠም ካለ በኋላ ወዲያው የለም ይቅር አለ፤ ከዚያ ደግሞ እሷ ይገጠም አለች። ሁለቱም የያዙትን ሐሳብ እየተለዋወጡ ሲከራከሩ ዋሉ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ሐኪሟ የሚሆነውን ሁሉ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው፤ ብዙው ግድግዳው አስቀድሞ ለእታለም የነገራት ነበር። አባባ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ለታመመው ሰው የምናመጣለት ነገር አለ ወይ ብለው ጠየቁ።

ወንድሟ ከመመለሱ በፊት እታለም እፍረቷን ዋጥ አድርጋ የአዋላጇን በር አንኳኳች። ቆማ ነው የተናገረችው። ውሃው ከእርስዎ አልነበረም፣ አባባ ናቸው፤ በየጠዋቱ ጣሪያ ላይ እየወጡ የደረቀውን ልስን ሲያጠጡ ኖረዋል፣ እኔ አላወቅኩም አለቻቸው። አዋላጇ ወንበር አመለከቷት።

"እኔ እኮ አያቸው ነበር" አሉ።

እታለም የሰማችውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። "በየቀኑ?"

"አንቺ እንደወጣሽ። እንዴት አደሩ እንባባላለን። አትክልት የተከላችሁ መስሎኝ ነበር፣ እንዲያውም ልጠይቅ አስቤ..." አቋረጡት። "ከዚያ አንቺ ታንከሩን ይዘሽ መጣሽ። አኮረፍኩ። እሳቸውን ማየትም ተውኩ፤ ወደዚያ ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።"

 እታለም መቆጣት ይገባት እንደሆነ፣ ማልቀስ ይገባት እንደሆነ አላወቀችም። አዋላጇ ደግሞ ታንከሩ ዛሬም ባዶ ነው ብለው ሳይታሰብ ሳቁ፤ እሷንም ሳቅ አመለጣት፣ ሳቁም ሳያልቅ ዓይኗን ጠረገች። ሥራ ስትሄጂ እኔ ከሳቸው ጋር እሆናለሁ አሏት አዋላጇ። ውለታ ዋሉልኝ አትበይ፣ ብቻዬን ስቀመጥ ነው ወገቤን የሚያመኝ።

ቱንቢ የተሰበረውን ማዕዘን መልሶ ገነባው። የግንቡን ሥር ዙሪያውን አንጽቶ፣ መገጣጠሚያውን ሞልቶ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ተዳፋት አበጀለት፣ ደረቅ ሲል የሚቀባውንም ቅብ አዘጋጀ። ሲጨርስ ግን መሣሪያውን እየጠረገ ቆመና እታለምን አያት።

"ይሄም ውሃ ይፈልጋል እኮ" አላት። "ጥቂት ቀን።"

"አውቃለሁ።"

"ልምጣ ወይስ?"

እታለም ወደ ጓሮው አየች። አባቷ ከአዋላጇ ጎን ተቀምጠው የተደረደሩትን ጆንያዎች እየነካኩ ነው። "እኛው እናጠጣዋለን" አለች።

በነዚያ ጠዋቶች አባትና ልጅ ተያይዘው ይወጡ ነበር። እሷ ባልዲውን ትሸከማለች፣ እሳቸው ጣሳውን ይይዛሉ። አንዳንድ ቀን ስሟን ጠርተው ዛሬ ሥራ የለሽም እንዴ ይሏታል። አንዳንድ ቀን እንደ አዲስ ሠራተኛ ቆጥረዋት አጠጣጡን ያሳዩዋታል፤ ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ እንዲህ፣ ልስኑ እንዳይታጠብ። አንድ ቀን ደግሞ ዝም ብለው ሲያጠጡ ቆይተው፣ እኔ ሰሞኑን የሆነ ነገር እየጠፋኝ ነው፣ ታውቂያለሽ አሏት። አዎ አባባ፣ አውቃለሁ አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ጣሳውን አቀበሏት፣ ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አላነሱም። ያን ዕለት የትኛውን አባቷን እንዳናገረች እየመረመረች ሥራ ዘግይታ ገባች።

ልስኑ ከጠና በኋላ ቅቡ ተቀባ፣ የብረት በሩም ተገጠመ። ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አልለየላትም። ጋሼ ፎርማን ለጥቂት ሳምንታት በየጠዋቱ እየሄዱ በሩን ነቅነቅ ያደርጉት ነበር፤ አዋላጇ፣ ሠራተኞቹ ዛሬ ገና አልገቡም፣ ኑ እስኪመጡ እንቀመጥ ይሏቸዋል። ሲያምኗቸው ይቀመጣሉ፤ ሳያምኗቸው ሲቀሩ ይቆጣሉ። በተቆጡ ቀን እታለም ከሥራ ስትመለስ ሁለቱም ተኮራርፈው በየጥጋቸው ታገኛቸዋለች።

ግድግዳው እንደ ሰው ቁስል ከዳር ወደ መሐል ደረቀ። ነጭ ጨው መሰል ዱቄት አወጣ፣ እሷ በብሩሽ አራገፈችው፣ እንደገና አወጣ፣ እንደገና አራገፈችው። ቱንቢ የተበላውን ልስን በአዲስ ተካው። የቀለም ቀቢው ተራ ደርሶ ክፍሉ ከተቀባ በኋላ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አራቅ አድርጋ አቆመችው። የሻጋታው ሽታ ጠፍቶ የቀለም ሽታ ተተካ።

ወንድሟ ደውሎ፣ እና በመጨረሻ የቤቱ ችግር ምን ነበር ሲላት፣ ስንጥቁን ነገረችው፣ መገጣጠሚያውን ነገረችው፣ ከዚያ የምትቀጥልበት ጠፋት። ብቻ አሁን ደርቋል አለችው።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አባቷ በተከፈተው በር ገብተው ክፍሏ መሐል ቆሙ። ከልብሳቸው ላይ ኮት ደርበዋል፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ማዕዘኑን፣ ኮርኒሱን፣ የመስኮቱን ጠርዝ በሙያተኛ ዓይን አዩ።

"ንጹሕ ሥራ ነው" አሉ። "ባለቤቶቹ መቼ ነው የሚገቡት?"

እታለም አልጋዋ ላይ ልብስ እያጠፈች ነበር። "ገብተዋል አባባ።"

"ወደዱት?"

"ወደውታል።"

እፎይ አሉ። ኮፍያቸውን ደፉ፣ እንግዲህ ልሂድ ብለው ተሰናበቷትና የመውጫውን በር ይፈልጉ ጀመር። ቁም ሣጥኑን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ልብሱን አስቀምጣ ተነሳችና ክንዳቸውን ይዛ ወደ ሳሎን አወጣቻቸው።